የእሜቴ ጨረታ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ፤

ይህን ደብዳቤ ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ። ድስት እያማሰልሽ ከሆነ ማማሰያውን አስቀምጪ። አጠገብሽ ሰው ካለ ይደግፍሽ። በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ። የቤታችን ባለውለታ፣ የአባታችን የልብ ባልደረባ፣ እኔንም አንቺንም ትምህርት ቤት ስታመላልስ የኖረችው እሜቴ ከሥራ ገበታዋ ተሰናብታ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ግንባሯ ላይ በኖራ ቁጥር ተጽፎባት፣ በአባባ መሥሪያ ቤት ጓሮ ተጥላ ተገኝታለች። ቁጥሯ ሰባት ነው። የቀብሯ ሥነ ሥርዓት፣ ይቅርታ፣ ጨረታዋ ኅዳር 10 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ይፈጸማል።

አልቅሰሽ ጨረስሽ? እንቀጥል።

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የውሃ ቦቴ ሹፌር መንገድ ላይ ከፍቶ እንደሚያነብ ስለማውቅ ለሱም አንድ ማብራሪያ ልጻፍለት። ወንድሜ፣ እሜቴ አክስታችን አይደለችም። አባታችን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የነዳት የመሥሪያ ቤት ፒክ አፕ ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ካልለመኗት ስለማትነሳ። አሁን ፖስታውን ዝጋና መንገድህን ተመልከት።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ይበላል። አይ፣ አላመመውም። ራሱ የማይጽፍልሽ ብዕሩ ጠፍቶበት ነው፤ ብዕሩን የደበቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አዎ፣ እንደ ድሮው ይቆጣኛል። ይህኛው ውሸት ነው። ከጡረታ ወዲህ አይቆጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ስኳሩን በጨው ለውጬ ሻይ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ጨረሰና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያስፈራል እትዬ። ሰው ካልሰደበኝ መኖሬን በምን አውቃለሁ?

ታዲያ ያን ቀን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያውን አንብቤ መጥቼ «አባባ፣ እሜቴን ሊሸጧት ነው» አልኩት።

ብድግ አለ። «ማን ሊገዛት?»

«እኔ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

«ስንተኛው ማርሽ ላይ እንደምትንተባተብ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጋት?»

«አንተ ትቀመጥባታለህ።»

እግሮቹን ከአልጋው አወረደና «ጫማዬን አቀብለኝ» አለ። ጫማ እኮ ነው እትዬ! አቧራውን በእጄ ጠርጌ ሰጠሁት። አጥልቆ አሰረና የትም አልሄደም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ግን በጫማ ነው የዋለው። ስለዚህ ያቺ መኪና እዚህ ቤት መምጣት አለባት። ሌላ ምክንያት አትጠይቂኝ።

እንግዲህ ወንድምሽ ሕጋዊ ተጫራች ሆኗል። ቢሮ ገብቼ የጨረታ ሰነድ ልግዛ ስል ጸሐፊዋ በመነጽሯ አናት አየችኝና «ማነው የላከህ?» አለችኝ።

«እግሬ።»

«መታወቂያ?»

አወጣሁ። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄ አንተ ነህ?»

«ያኔ ጸጉር ነበረኝ፤ ኑሮ ነው የበላው።»

ሳቋን በማህተሙ ደፈነችው፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታችልኝና ደረሰኝ ቆረጠችልኝ። ያ ደረሰኝ ሲኖርሽ ነው ጓሮ ገብተሽ መኪኖቹን የምታይው። ከዚያ የምትሰጪውን ዋጋ በአኃዝም በፊደልም ትጽፊያለሽ፤ ስርዝ ድልዝ ካለበት ይጥሉታል። እኔ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነገር ጽፌ ስለማላውቅ ይኸው ደብተር ገዝቼ እየተለማመድኩ ነው። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ አሽገሽ ላዩ ላይ ሎት ሰባት ብለሽ ትጽፊና፣ ሎት የሚሉት ግንባሯ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ትከቻለሽ። ከፖስታው ጋር የጨረታ ማስከበሪያ ያስፈልጋል፤ ሲፒኦ ይሉታል። ባንክ ገንዘብሽን ይይዝና «ይህ ልጅ አይቀልድም» ብሎ የሚመሰክርልሽ ወረቀት ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስክር አግኝቼ አላውቅም። ብቻ ባንኩም በባዶ አይመሰክርም።

የመጨረሻው መስመር ለምን እንደተጻፈ የገባሽ ይመስለኛል።

የተሻለ እህት ካገኘሁ አንቺን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቴ የተጠበቀ ነው።

ወንድምሽ ጡሩምባው


ጥቅምት 15 ቀን

ለጡሩምባው፤

ማማሰያውን አላስቀመጥኩም። እዚህ ማማሰያ ያስቀመጠች ወጥ ቤት ሠራተኛ የመንገድ ሥራው ካምፕ በሙሉ ይጮህባታል።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ለዚያች መኪና ሐዘን የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝ ታውቃለህ። ሳታውቅም ትችላለህ፤ ያን ቀን አንተ የሚያፈስ ቆርቆሮ ስትመታ ጣሪያ ላይ ነበርክ። ሳላስፈቅድ ቁልፏን ወስጄ የመሥሪያ ቤቱን በር ስገጭባት አባባ «እኔ ነኝ የገጨሁት» ብሎ ቅጣቱን ተቀበለልኝ። በሰው ፊት አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቤት ስንገባ ግን «ከእንግዲህ ጋቢናዬ አትቀመጪም» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎኑ ያለው ወንበር የኔ ነበር። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ይጠራኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር።

የላክሁልህ ገንዘብ በሹፌሩ እጅ ይደርስሃል። ለእሜቴ አይደለም፤ ለጫማው ነው።

ካየሃት አይቀር እንደ ሰው እያት። የሻንሲ ቁጥሯን ከሰነዱ ጋር አመሳክር። ምንጣፉን ገልጠህ ዝገቱን ተመልከት። ሞተሯን እንዲያስነሱልህ ጠይቅ፤ ጭሷ ነጭ ከሆነ አትውሰዳት። በግራ በኩል ያለው ጭረት የኔ ነው፤ እሱን ዝገት ብለህ እንዳትጽፍብኝ።

አንድ ነገር አልገባኝም። አባባ ጋዜጣ ሳያነብ ቁርስ የሚበላ ሰው አልነበረም። ጨረታ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ አይቀርም፤ ካንተ አፍ ነው የሚሰማው?

ሰላም በልልኝ። አይ፣ ተወው።

እህትህ


ጥቅምት 27 ቀን

ለእትዬ፣ ለባንኬ፣ ለምስክሬ፤

ለጫማው የላክሽው ደርሷል። ሹፌሩ ሲሰጠኝ «የአክስትህን ነገር እንዴት አደረግከው?» አለኝ። አላልኩሽም?

ጋዜጣውን በተመለከተ፤ የሚያነብለት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜው ዓይኑን ለምን ያደክማል? ደግሞ ዜናውን አሻሽዬ ነው የማነብለት። በኔ ንባብ ዳቦ በግማሽ ዋጋ እየተሸጠ ነው፤ ባለሥልጣኖችም በየጠዋቱ ይቅርታ እየጠየቁ ነው። አንድ ቀን «ጋዜጣው እንዲህ ጥሩ ሰው የሆነው መቼ ነው?» አለኝ። ከጡረታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። በቃ፣ የጋዜጣው ጉዳይ እዚህ ላይ ተዘጋ።

እሜቴን እንደ ሰው አየኋት። ቁጥሯ ልክ ነው። ምንጣፏ ሥር ዝገቱ እንደ አክስት ጠቃጠቆ ነው፤ የሚገድል አይደለም። ሲያስነሷት እንደ አዛውንት ሁለት ጊዜ ሳለችና ተነሳች፤ ጭሷ ጥቁር ነው። ጭረትሽ በክብር አለ። የአባባ ወንበር ጎኑ ላይ ተቀዶ በጫማ ሰፊ ክር የጠቀመው ቦታ እንደነበረ ነው። ውስጧ ያው ናፍጣና የሚንት ከረሜላ ይሸታል።

የማየት ፈቃድ ስላለኝ በየቀኑ እሄዳለሁ። ገብቼ ጋቢናው ላይ ቁጭ እላለሁ። ዘበኛው «ልትገዛት ነው ወይስ ልታገባት?» አለኝ። «ሽማግሌ ልኬ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የለም። አባባ ከግድግዳው ጋር ተስማምቷል፤ ሁለቱም ዝም ነው። እዚያ ስቀመጥ ግን አባባ አሁን ከሱቅ ወጥቶ በሩን ከፍቶ የሚገባ ይመስለኛል።

አሁን ለጀብዱዬ ተዘጋጂ። ሌሎችም ሊያዩአት ይመጣሉ። ዳቦ ጋጋሪ ባልና ሚስት መጡና ሚስትየዋ የእሜቴን ኋላ በእጇ እየለካች «የዳቦ ሳጥኖቹን ትችላቸዋለች» ስትል ሰማሁ። ጠጋ ብዬ «እናቴ፣ አይጦቹ ግን ወለዱ?» አልኳት።

«የምን አይጦች?»

«ወንበሩ ሥር ያሉት። ዳቦ አይነኩም፤ ብቻ ያሸቱታል።»

ባሏን በእጁ ጎትታ ወጣች። ቀጥሎ አንድ ባለወርቅ ጥርስ ነጋዴ መጣ። እሱን መዋሸት አላስፈለገኝም፤ የፊት መብራቷን አብራ አልኩት። መብራቷ ሲበራ ጡሩምባዋ ራሱ እንደሚጮህ ታስታውሻለሽ? ነጋዴው ከጣሪያዋ ጋር ተጋጨ፤ ጥርሱ ወልቆ ይሆናል ብዬ መሬት መሬቱን ፈለግኩ። የቀረው መካኒኩ ነበር። መካኒክ በአይጥም በጡሩምባም አይደነግጥም። ስለዚህ በትሕትና ቀርቤ «ጋሼ፣ ሞተሯን ፈትቼ መልሼ የገጠምኳት እኔ ነኝ፤ የተረፈውን ብሎን ቤት አስቀምጬልዎታለሁ» አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ቦርሳውን ዘጋ።

ሜዳው የኔ ነው። ፖስታዬን ነገ እከታለሁ። አባባ ጢሜን ላጨኝ ብሎኛል።

የማይሸነፈው ወንድምሽ


ኅዳር 11 ቀን

ለእትዬ፤

ተወዳዳሪዎቼን በሙሉ አሸንፌአለሁ። እሜቴን ግን አላገኘኋትም።

መልስሽን ሳልጠብቅ የጻፍኩት ለሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳጥኑን በሁላችን ፊት ከፍታ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ ታነባለች። ለሎት ስድስት፣ ለአሮጌው ጀኔሬተር ሳይቀር ሰው ተሻምቷል። ሎት ሰባት ስትል ተነስቼ ቆምኩ። ባንኩ የመሰከረልኝ ሰው ነኝ፣ ለምን እቀመጣለሁ?

«ሎት ሰባት፣ የቀረበ ፖስታ አንድ» አለች። ወረቀቱን ገለበጠችው። «አንድ ብቻ።»

«እሱ አንድ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ቁጭ በል የኔ ልጅ። ሰነዱን አንብበኸዋል?»

«በደንብ!»

«ተራ ቁጥር አሥራ አንድን አንብብልን።»

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ዘጠነኛው ላይ ደክሞኝ ተኝቼ ነበር። ቆሜ አነበብኩ። ከሁለት ተጫራች በታች የቀረበበት ንብረት ውድድር እንደሌለው ተቆጥሮ ይሰረዛል፤ ጨረታው የወጣው ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ንብረቱ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይወገዳል። እሜቴ አምናም ወጥታ ገዢ አጥታ ነበር። የሰው ዕድል ይዘጋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ የራሴን በአይጥ ዘጋሁት። ከኋላዬ ሰው ሳቀ። ዞር ስል መካኒኩ ነው፤ ጀኔሬተሩን አሸንፎ ቆሟል። «ብሎኑን ያዘው» አለኝ።

ሲፒኦውን መለሱልኝ። የላክሽው አልተነካም።

ቤት ስገባ አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ጢሙን የላጨሁት እኔ ስለነበርኩ አንድ ወገኑ ትንሽ ቀርቷል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ጫማው በእግሩ ነው።

«ሞተሯን አልሰማሁም» አለኝ። «የት አቆምካት?»

«ወረቀቱ አላለቀም አባባ፤ ፊርማ ይቀረዋል።»

«የማን ፊርማ?»

ዋሽቼ የማላውቅ ይመስል አንድ ስም እንኳን መጥራት አቃተኝ። ገባው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለው፤ እኔ ፈታሁለት።

ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ ይቅርታ።

ጡሩምባው


ኅዳር 19 ቀን

ለወንድሜ፤

አሁን አንተ ቁጭ በል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ «ሞተሯን አልሰማሁም» አለ ትላለህ። ያ መስኮት እኮ በቀጥታ በሩን ያሳያል። መኪና አለመቆሙን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልገውም። ጋዜጣውን አንተ ታነብለታለህ። ጢሙን አንተ ትላጨዋለህ። ክሩን አንተ ትፈታለታለህ። ብዕሩንም የደበቅከው አንተ አይደለህም።

ያያል ወይስ አያይም? በአንድ ቃል መልስልኝ። ቀልድ ከጨመርክበት አልፈልግም።

እዚህ ያለኝን ኑሮ ድሮ ጠይቀኸኝ አልመለስኩልህም ነበር። ጀኔሬተር ሲጮህ ይውላል፤ አፈር ድስት ውስጥ ይገባል። የምመግበው ሰው ብዛት አለው፤ ስሜን የሚያውቅ ግን የለም። «ጨምሪልኝ» ነው የሚሉኝ። ባለፈው አንዱ ሲሰናበት «ደህና ሁኚ ጨምሪልኝ» አለኝ። የውሃው ቦቴ አቧራ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ውሃ መጣ ይላሉ። እኔ ጡሩምባው መጣ እላለሁ።

ሂድና ፈልጋት። ብረትም ሆና ቢሆን ፈልጋት። የተመለሰውን ገንዘብ ለዚያ አድርገው።

እህትህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለእትዬ፤

አያይም።

አንድ ቃል ብለሻል፤ ይኸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ዓይኑ ቀስ በቀስ ነው የሄደበት። ጡረታ የወጣውም ዕድሜው ደርሶ አይደለም። ልጻፍላት ስለው «አትንገራት» አለኝ። «ከነገርካት ትመጣለች። ለዓይኔ አዝና እንድትመጣ አልፈልግም። መምጣት ካማራት ነው የምትመጣው።» አንቺ «ሰላም በልልኝ፤ አይ፣ ተወው» ያልሽው ቀን እኔ «ሰላም ብላሃለች» አልኩት። እሱ ደግሞ «እሷስ…» ብሎ ጀመረና መጨረሻው ጠፋበት። በሁለታችሁ መሐል ቃል ሳመላልስ እኔም እንደ ቦቴው ሹፌር ሆንኩ፤ እያፈሰስኩ ነው የማደርሰው።

የብረት ነጋዴው ግቢ ሄድኩ። ዘግይቻለሁ። እሜቴ ተበትናለች። በሮቿ ከበሮች ጋር፣ ሞተሯ ከሞተሮች ጋር ተቆልሏል። ጭረትሽን በሮቹ ክምር ውስጥ አገኘሁት፤ የነካሁት ቀለም እጄ ላይ ቀረ። እዚያ ትንሽ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሹፌሩም ይህን መስመር ይዝለለው።

ከዚያ ሁለቱን የፊት ወንበሮች አየሁ። ነጋዴው ተቀምጦባቸው ነበር፤ በአንዱ ራሱ፣ በሌላው ሻዩ።

«እነዚህ ስንት ናቸው?»

«ብረት ነው የምሸጠው። ስፖንጅ ማን ይገዛል?»

«ሌላ ተጫራች አለ?»

«ምን?»

«ሌላ ሰው ፈልጓቸው ያውቃል? ብቻዬን ከሆንኩ አልገዛም።» ከተራ ቁጥር አሥራ አንድ ወዲህ ፈሪ ሆኛለሁ።

ሻዩን አነሳ፤ ተነሳም። «ውሰዳቸውና ከፊቴ ጥፋ» አለኝ። ሰነድ የለ፣ ሳጥን የለ፣ ፖስታ የለ። በሕይወቴ ያሸነፍኩት ጨረታ ይኸው ነው። ገንዘብሽ የሄደው ለጋሪውና ለእንጨቱ ብቻ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ጣውላ ላይ እንደነበሩት ጎን ለጎን ቸነከርኳቸውና መስኮቱ ሥር አደረግኳቸው። «አባባ ና» ብዬ እጁን ይዤ አስነካሁት። መጀመሪያ ጀርባውን ዳሰሰ። ከዚያ ጎኑን። ጣቶቹ ስፌቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የጫማ ሰፊውን ክር አንድ በአንድ፣ ጥቅም በጥቅም ተከተለው፤ መጨረሻው ላይ የራሱን ቋጠሮ አገኘ።

ዞሮ ተቀመጠባት። ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ ትንሽ ፈለገ ፈለገና አንድ ቦታ አረፈ።

«ፍሬኗ ላልቷል» አለ።

«አጠብቀዋለሁ።»

«አንተ ካጠበቅከው እንሞታለን። ብሎን ታስተርፋለህ።»

ሰደበኝ እትዬ! ለመካኒኩ የነገርኩትን ያውቅ ኖሯል፤ ዘበኛው መጥቶ ነግሮታል። ደስ ብሎኝ ጋቢናው ላይ ልቀመጥ ሄድኩ። ገና ወገቤን ሳላሳርፍ እጁን ዘርግቶ ወንበሩን ያዘው።

«ሰው አለው» አለኝ።

«ማነው?»

«ሰው አለው አልኩህ። ከኋላ ግባ።»

የኋላ ወንበር የለንም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጫማውን አጥልቆ ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላው መሬት ላይ ሆኜ ጋዜጣ አነብለታለሁ። ቀኝ እጁ ባዶው ወንበር ላይ ናት። የማርሹ ቦታ ስለሆነ ነው ይላል። ማርሹ ግን እዚያ አልነበረም፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ለውሃ ቦቴው ሹፌር። ወንድሜ፣ እዚህ ድረስ ማንበብህን አውቃለሁ። ስትመለስ ጋቢናህ ውስጥ ሰው አለ? ከሌለ ለእህቴ ያዝላት። ስሟ ጨምሪልኝ አይደለም፤ ጠይቃት ትነግርሃለች። በሩን ደብድባ ስትዘጋ እንዳትቆጣት፤ አመሏ ነው።

እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ በጥልቅ ሐዘን ብዬ ስላስደነገጥኩሽ ይቅርታ። ማማሰያውን አስቀምጪ፣ ሰው ይደግፍሽ ያልኩት ሁሉ፣ ባንኩ፣ ኮሚቴው፣ አይጦቹ፣ ያ ሁሉ ወሬ ሲጠቃለል ሁለት አሮጌ ወንበሮች ነው። አንዱ ላይ ሰው ተቀምጦበታል፤ አንዱ ባዶ ነው። ይህን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ ነገር እንኳን አልነበረም።

ጡሩምባው